ሬሳ ጭኜ እንቁላል የለመንኩበት ሁዳዴ

ከሠላሳ ዓመት በላይ መኪና ነድቻለሁ። ሰዎች «ምን ገጥሞህ ያውቃል?» ሲሉኝ የማወራላቸው ሞልቷል፤ ሽፍታው፣ ገደሉ፣ ድልድይ የወሰደው ጎርፍ። ሳቅ ይበዛል፣ ጠላውም ይደገማል። ይኸኛውን ግን ጠላ ላይ አውርቼው አላውቅም። እናንተ አንባቢዎቼ ፊቴን ስለማታዩኝ ይቀለኛል ብዬ ነው ዛሬ መጻፌ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። የአንድ የጎንደር ነጋዴ ንብረት የሆነ፣ ዕድሜው ከእኔ የማያንስ የሚመስል ካሚዮን ይዤ ከባሕር ዳር ጎንደር እመላለስ ነበር። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ያለኝ እናቴ ጎንደር፣ ታላቅ ወንድሜ አድማሱ ደግሞ ባሕር ዳር ነበር። አድማሱ ግንበኛ ነው። ባሕር ዳር በዚያን ጊዜ ገና እያደገች ስለነበር ሥራ አልጠፋበትም። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው ብል አልዋሸሁም። በሄድኩ ቁጥር የማድረው እሱ ዘንድ ነው። ወግ አይወድም፤ እራት አቅርቦ ስበላ ያየኛል፣ በቃ።

በዚያ ዓመት፣ ሁዳዴ ተጋምሶ ሳለ፣ ሆዱን ታሞ አገኘሁት። ሐኪም ቤትም ወሰድኩት፤ አልሆነምና ወደ ኪራይ ቤቱ መለስኩት። ሊነጋጋ ሲል እጄን ያዘና፣ «እዚህ አገር ሰው የለኝም። እናቴ ደጅ፣ ከአባቴ ጎን ቅበረኝ። አደራ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም።

አናጢ ጓደኞቹ ሳጥን መቱለት። ለእናቴ በስልክ ቤት ተነገራት፤ መቃብሩ ተቆፍሮ ይጠብቃል ተባለ። ረዳቴ ሳጥኑ ሲጫን አየና፣ «ጋሼ፣ ሬሳ ባለበት መኪና አልሄድም፣ ማርያምን!» ብሎ ቀረ። አልተቀየምኩትም። ብቻዬን ሞተር አስነሣሁና ባሕር ዳርን ለቅቄ ወጣሁ።

ሐሙሲትን እንዳለፍኩ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ይወጣ ጀመር። ወርጄ ባየው ራዲያተሩ ተቀዷል። ድሮም ሁለት ቦታ የተጠገነ ነበር፤ ያ የፒስታ መንገድ እያንቀጠቀጠ አላቀቀው። በጀሪካን የያዝኩትን ውኃ ሞላሁበት። ሳሙና በጣቴ አሽቼ ቀዳዳው ላይ ለጠፍኩ። ጉማራ ወንዝ እስክደርስ ሳሙናው ቀልጦ ወረደ። ከጉማራ ቀድቼ እንደገና ሞላሁ፣ እንደገና ለጠፍኩ። እንዲህ እያልኩ ከቁሐር ሚካኤል ፊት ለፊት ስደርስ ሞተሩ እንደ ምጣድ ግሎ ቆመ። ወረታ ሩቅ አይደለችም። ብደርስባትም መካኒክ የላትም፤ ራዲያተር የሚበይድ ያለው ጎንደር ብቻ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ ጎማ ስንቀይር ተጋግዘናል። ጆሮው ላይ ነገርኩት።

«ወንድሜን ውሰድልኝ።»

ወደ ሳጥኑ አየና አንገቱን ደፋ። «ሌላ ነገር እዘዘኝ። ይህን ሁሉ መንገደኛ ይዤ ሬሳ ብጭን ማን ይቀመጥልኛል? ለጌታህ እነግረዋለሁ፣ ዛሬውኑ መካኒክ ይልክልሃል።»

«ዛሬውኑ?»

«ካልሆነ በጠዋት» አለና ሄደ። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ፎገራን በበጋ ያየ ያውቃል። በክረምት ሐይቅ የሚመስለው ሜዳ ሁዳዴ ሲገባ ይደርቅና መሬቱ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም። ራቅ ብሎ ከብቶች የሚጠጡበት አንድ ኩሬ አለ፤ ከዚያ ውኃ እየቀዳሁ አመላለስኩ። የቀረኝን ሰሌን ሳጥኑ ላይ ጣል አድርጌ ጥላ ሠራሁለት። በዚያ ሙቀት ወንድሜ ምን ያህል እንደሚቆይልኝ አውቅ ነበር። እስከ ማግሥቱ ቀትር ካልቀበርኩት ለእናቴ የማሳየው ፊት አይኖርም።

ያኔ ከአሮጌ ሾፌሮች የሰማሁት ትዝ አለኝ። የእንቁላል ነጩን ብቻ ትኩስ ራዲያተር ውስጥ ሲጨምሩት ውኃው ያበስለዋል፤ የበሰለው ቀዳዳውን ፈልጎ ይደፍነዋል። ጎንደር ድረስ ባይሆን እንኳ አዲስ ዘመን ያደርሳል ይላሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ተነሥቼ ወደ መንደሩ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት ጓያ ታበጥራለች። ኋላ እንዳወቅሁት ስሟ ይታይሽ ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ውኃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ።

«እናቴ፣ እንቁላል ይሸጡልኛል?» አልኳት።

ሰፌዱን አስቀመጠችና አንገቴን አየች። ማተቤ ላይ ነው ዓይኗ ያረፈው።

«ተየት አገር ነህ አንተ?»

«ከጎንደር ነኝ።»

«ተጎንደር ነኝ ትላለህ? ጎንደር በሁዳዴ እንቁላል ይበላል?»

«ለመብል አይደለም እናቴ፣ ለመኪናው ነው።»

ከት ብላ ሳቀች። ቀጥላ ግን ፊቷ ተለወጠ። «አዪ! ደሞ መኪናም እንቁላል ይበላ ጀመር? በላሁ ብትል ይሻልህ ነበር። ጦም መግደፍህ ሳያንስ በኔ ላይ ታሾፋለህ?»

«በሚካኤል! ራዲያተሩ ተቀዶ...»

«ሚካኤልን አትጥራብኝ! ሂድ ተደጄ።»

ሬሳ ይዣለሁ ብላት ኖሮ ነገሩ ሁሉ በተለወጠ። አውቄ ነው ያልነገርኳት። የአገሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ ሬሳ አለ ከተባለ ቁሐር ሁሉ ነቅሎ ይወጣል፣ «ሬሳ ሜዳ ላይ አያድርም» ብሎ እዚያው ያስቀብረኛል። አደራዬ ሊበላ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩና ወደ ሌላ ቤት ሄድኩ። ወሬው ግን ቀድሞኛል። ሁለተኛው ቤት ሰውየው ደጁን ዘጋ። ሦስተኛው ቤት «ዶሮ የለንም» አሉኝ፤ ዶሮዋ በእግሬ መሃል እየሄደች። ስመለስ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ፣ «ስምንት ሳምንት መታገሥ ያቃተው ክርስቲያን!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ መኪናዬ የቀረበ ሰው የለም። ከብት የሚመልሱት እንኳ ዞረው ነው ያለፉት።

ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። አልደብቃችሁም፣ አለቀስኩ። ለወንድሜ ይሁን ለራሴ አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው ርቦኝ አያውቅም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከሐሙሲት ገበያ የሚመለሱ አንድ ጢማቸው የሸበተ ነጋዴ በበቅሎ መጡ። ሼህ ኑሩ ይባላሉ፤ ወረታ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። በቅሎዋ መኪናዬ አጠገብ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ቢመቷት፣ ቢያባብሏት ወይ ፍንክች።

«ምን ሁነህ ነው እዚህ የቆምኸው?» አሉኝ።

«ራዲያተር ተቀዶብኝ ነው። መካኒክ ከጎንደር እየጠበቅሁ ነው። እንቁላል ባገኝ እደፍነው ነበር፤ ሰው ከለከለኝ።»

ፈገግ አሉ። «ማተብ አስረህ፣ በሁዳዴ፣ ክርስቲያን ቤት እንቁላል ለመንህ? ወይ ጉድ! ለኔ ብትተወው ምናለ። እኔ ብገዛ ማን ምን ይለኛል? ነገ በማለዳ አመጣልሃለሁ።» ከዚያ በቅሎዋን አዩና ፈገግታቸው ጠፋ። «በቅሎዬ ግን ከመኪናህ አልጠጋም አለች። ምን ጭነሃል ልጄ?»

ቀኑን ሙሉ ማንም ይህን አልጠየቀኝም ነበር። ልዋሻቸው አፌን ከፈትኩ፤ «ወንድሜን» የሚል ወጣኝ።

ሼህ ኑሩ ከበቅሎዋ ወረዱ። ሳጥኑ ፊት ቆመው በዐረብኛ የሆነ ነገር በለሆሳስ ተናገሩ። ስለ አደራው፣ ስለ እናቴ፣ ስለተቆፈረው መቃብር ነገርኳቸው። «ለመንደሩ እንዳይነግሩብኝ» አልኳቸው። የበቅሎዋን ልጓም ያዙና፣ «እስከ ነገ ልታገሥልህ። ከነገ ወዲያ ግን የወንድምህን ገመና እኔም አንተም አንሸፍነውም» ብለው ሄዱ። ያን ሌሊት ኩበት እያነደድኩ ጅብ ሳባርር ነጋልኝ።

በማለዳ፣ እንዳሉትም፣ እንቁላሉን በጭድ ጠቅልለው ይዘው ከተፍ አሉ። መካኒኩ አልመጣም። ሞተሩን አስነሥቼ አሞቅሁት፤ ነጩን እየለየሁ በራዲያተሩ አፍ ጨመርኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ሥሩን ያያሉ።

«ይወርዳል... ይወርዳል... ቀነሰ... አንተ! ጠብታ ሆነ! ቆመ!»

ሁለታችንም እንደ ልጅ ጮኽን። እጃቸውን ሳምኩ። ጋቢናው ውስጥ ዘልዬ ገባሁና ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሼህ ኑሩ በበቅሎ ይከተሉኛል። እናቴን ከነመቀነቷ ደጃፍ ቆማ በሐሳቤ አየኋት። «ደረስን አድማሱ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ እንደሚሰማኝ።

ብዙም አልሄድኩ። መንገዱ ላይ እንደ ትልም ወጣ ገባ የሠራ ክፉ ቦታ ነበር፤ መኪናው ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨና ከፊቴ አንድ ነገር ፈነዳ። እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው። ስወርድ የራዲያተሩ ጎን ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። ውኃው ከበሰለው እንቁላል ጋር አፈሩ ላይ ፈሰሰና መሬቱ ወዲያው ጠጣው። ነፋሱ ዞር ሲል ከኋላ ሽታው መጣ። ያ ሽታ የወንድሜ ነበር።

ሼህ ኑሩ ደረሱ። አላዘኑብኝም፣ አልመከሩኝም። «ልጄ፣ የኔ መላ እዚህ ላይ አለቀ። የቀረው የቀሳውስት ነው» አሉና በቅሎዋን ወደ ቁሐር ሚካኤል መለሷት። አላስቆምኳቸውም።

መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸቱን ነው። ከዚያ ሰዎቹ በሜዳው ብቅ አሉ። ወንዶቹ ሥራቸውን ጥለው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይሮጣሉ። ከፊት ይታይሽ ናት። እኔ ጋ ስትደርስ ደረቷን መታች።

«ምነው! ምነው አልነገርኸኝም? ሬሳ ይዣለሁ ብትለኝ እንኳን እንቁላሏን ዶሮዋን አልሰጥህም ነበር? ውኃ አጠጥቼ አባረርሁህ፣ እኔ አፈር ልብላ!»

ከዚያ ወደ ሳጥኑ ሄዳ እጇን ጫነችበትና ዞር አለች።

«ስሙን ንገረኝ። ማን ብዬ ላልቅስለት?»

«አድማሱ።»

«ምን ነበር አድማሱ? ምን ያውቅ ነበር? እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

ከሞተ ጀምሮ ስለ ወንድሜ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሾፌሩም፣ ረዳቴም፣ ሁሉም ስለ ሬሳ ነበር የሚያወሩኝ። ቆሜ ነገርኳት። ግንበኛ እንደነበር፣ ስንቱን ቤት ሠርቶ ራሱ ኪራይ ቤት እንደሞተ፣ ዝምተኛ እንደነበር፣ ስበላ ቁጭ ብሎ እንደሚያየኝ። እሷ እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ድምጿን አወጣች፤

«ለሰው ቤት ሲሠራ ሲገነባ ኖሮ፣
እኛ ቤት ደረሰ መንገድ ዳር ላይ አድሮ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ እንደ ገዛ ወንድማቸው አለቀሱ። ትናንት ከሩቅ የሰደቡኝ ሽማግሌ ትከሻዬን አቅፈው ያዙኝ።

ካህኑ መምሬ ካሴ ልቅሶው በረድ ሲል ወደ ዳር ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ እዚሁ አፈር እናልብሰው።»

«መምሬ፣ አይሆንም። አደራ አለብኝ። እናቴ መቃብር አስቆፍራ ትጠብቃለች። ምን ብዬ እገባለሁ?»

«አደራ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወንድምህ አደራ ያለህ እንዲከበር ብሎ ነው እንጂ፣ ሜዳ ላይ እንዲዋረድ ነው?»

«መካኒኩ አሁን ቢመጣስ? ትንሽ ቢታገሡኝስ?»

«ስማኝ። ሰውን መንገድ ላይ ሞት ሲይዘው አባቶቻችን እንዲህ ነው ሲያደርጉ የኖሩ። በደረሰበት ይቀበራል። ዓመታት ሲያልፉ፣ አጥንቱ ሲጠራ፣ ወገኑ መጥቶ ያፈልሰዋል። አንተም እናትህን ይዘህ ትመጣለህ፤ እኛ እስከዚያ እንጠብቅልሃለን። አደራው አልተበላም፣ ተሻገረ እንጂ።»

ሳጥኑን አየሁ። ዝንቡ በዝቶበት ነበር። «እሺ» አልኩ። ለአድማሱ የመለስኩለት ቃል ይኸው ነበር፤ አሁን እሱኑ ማፍረሻ ሆነ። ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ የተሰማኝን ብቸኝነት ዛሬም ድረስ መናገር አልችልም። ያ ሁሉ ሕዝብ ከቦኝ ሳለ ነው።

በትከሻቸው ተሸክመው ወሰዱት። ፍትሐቱ ተፈታ፤ ቁሐር ሚካኤል ግቢ፣ ከግንቡ አጠገብ ተቀበረ። ሼህ ኑሩ ከግቢው ውጭ በቅሏቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ቆሙ። ከቀብር መልስ ይታይሽ ቤት ንፍሮ ተዘገነልኝ። መንደሩ ሁሉ አብሮኝ ተቀመጠ።

መኪናዬ ዘንድ ስመለስ መካኒኩ ደርሷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። የተተረተረውን ጎን እርሳስ እያቀለጠ ደፈነው። ሥራው ጥሩ ነበር፣ ጠብ አላለም። «የት ሄደህ ነው ስጠብቅህ?» አለኝ። «ቀብር ላይ ነበርኩ» አልኩት። ጎንደር አብረን ገባን።

የእናቴን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ደጃፍ ላይ ለቀስተኛው ቆሟል። መኪናው ባዶ መሆኑን አየች። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት፤ ሰማችኝ፣ አልጮኸችም። «ጥለኸው መጣህ» አለች ብቻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ብቸኛ ሰዎች ሆንን። እራቴን ከድና ታስቀምጥልኛለች፤ እሷ ቀድማ በልታ ተኝታለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ አንድ ነገር እላችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይቼ አልፌ አላውቅም። ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ሲለምነኝም «ለምን?» አልልም። «ምን ይዘሃል?» ነው የምለው። ቁሐሮች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ፆማቸውን ያከበሩ ሰዎች ነበሩ። እኔም አደራዬን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር። ሁለታችንም ልክ ሆነን ሳለ ነው ያን ቀን ሜዳ ላይ ብቻዬን የቀረሁት። ይህን እያሰብኩ ብዙ መንገድ ነድቻለሁ፤ ጨርሼ አልገባኝም።

በሰባተኛው ዓመት እናቴ ትንሽ የዝግባ ሳጥን አሠራች። ውስጡን በነጭ ነጠላ አለበሰችው። «ልጄን አምጣልኝ» አላለችም፤ «ተነሥ፣ ልጄን ላመጣ ነው» አለችኝ። ጋቢናው ውስጥ ሳጥኑን እንደታቀፈች ቁሐር ደረስን።

ስንደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ሞልቶበታል። ለእኛ የመጡ መስሎኝ ነበር። መምሬ ካሴ አርጅተዋል፤ እጃቸውን ስሜ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የአድማሱ መታሰቢያ ነው እንጂ። ይታይሽ በየዓመቱ ዳቦና ጠላ ታመጣለች። አንተ ቀኑን አውቀህ የመጣህ መስሎኝ?» አሉኝ። እኔ ቀኑን አላሰብኩትም ነበር፤ እናቴ ናት የመረጠችው።

መቃብሩ ዙሪያው በድንጋይ ተከቧል፣ አረም የለበትም። ይታይሽ እናቴን አይታት አታውቅም፤ ስታያት ግን ማንም ሳይነግራት ገባት። ሁለቱ ተቃቀፉ። አብረው አለቀሱ፣ ሌሎቹም አገዟቸው። አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማ ነበር። ይታይሽ፣ «ይኸ የልጅ ልጄ ነው። ስሙ አድማሱ ነው» አለቻት።

እናቴ ሕፃኑን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አየችው። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«እንጀምር እናቴ?» አሉ።

«ተዉት።»

የምትለው አልገባኝም። «እናቴ፣ አጥንቱን ልንወስድ አይደል የመጣን? አደራውስ?»

ሕፃኑን ለእናቱ መለሰችና ወደ እኔ ዞረች። በሰባት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም።

«ወንድምህ ሰው መሃል ነው ያለው» አለች። «ብቻችንን ያለነው እኔና አንተ ነን።»

ባዶውን ሳጥን ይዘን ተመለስን። ቤት ስንገባ መሽቶ ነበር። እናቴ እሳት አነደደች፣ አንድ ሰሃን አቀረበች፣ ከፊት ለፊቴም ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ፣ እኔ ሳልገባ እራቷን በልታ አታውቅም።